የሎሜው ዋርፍ፦ ብዙ በር የነበረው ዳርቻ በአንድ በር ሲቀር

ሜይ 1902። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከአሜሪካ አላባማ የተነሡ ጥቁር ወጣቶች ሎሜ ፊት ለፊት ደርሰዋል። ደርሰዋል ይባል እንጂ መርከባቸው መሬት አልነካችም፤ ከዳርቻው ርቃ መልሕቋን ጥላ ቆማለች። የከተማዪቱ የኮኮናት ዛፎችና መጋዘኖች በዓይን ይታያሉ። በመካከሉ ግን ቀንና ሌሊት የሚያገሳ የማዕበል መስመር አለ። ወጣቶቹ ቡከር ቲ. ዋሽንግተን በሚመራው በተስኪጊ ተቋም የተማሩ ናቸው። ቶጎን የያዙት ጀርመኖች ለሕዝቡ የጥጥ እርሻ ያስተምሩልናል ብለው ነው ያስመጧቸው። ከመርከብ ወደ ጀልባ ወረዱ፤ ቀዛፊዎቹ ወደ ዳርቻው አመሩ፤ የማዕበሉ መስመር ላይ ሲደርሱ ጀልባዋ ተገለበጠች። ከወጣቶቹ ሁለቱ ሰጠሙ። አትላንቲክን በሰላም ያቋረጡ ሰዎች በመጨረሻዋ መቶ ሜትር ላይ ቀሩ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ጃንዋሪ 27 ቀን 1904፣ ከ300 ሜትር በላይ ወደ ባሕሩ የሚዘልቅ የብረት ድልድይ በዚያው ዳርቻ ተመረቀ። ቀኑ የተመረጠው የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት የዳግማዊ ቪልሄልም ልደት ስለሆነ ነው። የሎሜ ሰዎች ድልድዩን ዋርፍ ይሉታል። ጫፉ ማዕበሉ ከሚሰበርበት መስመር አልፎ ስለሚቆም፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ሎሜ የሚገባ ሰው ነፍሱን ለማዕበል ማስያዝ አላስፈለገውም። ይህን ላሳንሰው አልፈልግም፤ የሰው ሕይወት ያተረፈ ሥራ ነው። ነገር ግን ያው ብረት የዳርቻውን ንግድ ከብዙ እጆች አውጥቶ በአንድ እጅ አስገባው። ስለ ቅኝ ግዛት ዘመን ወደቦች ሲጻፍ የመጀመሪያው ይነገራል፣ ሁለተኛው ይዘለላል። ሁለቱ መነገር ያለባቸው አብረው ነው።

ሎሜ ለእኛ እንግዳ ስም አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ባለድርሻ የሆነበት አስካይ አየር መንገድ መቀመጫው እዚያ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ ከሚበሩትም አውሮፕላኖች አንዳንዶቹ ሎሜ ላይ አርፈው ይቀጥላሉ። ዘመድ ሊጠይቅ ኒውዋርክ የሚሄድ መንገደኛ ከመቀመጫው ሳይነሣ ሎሜን አይቶ ያልፋል። ከአውሮፕላን ማረፊያው ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ፣ ከመሀል ከተማው ፊት ለፊት፣ የአሮጌው ዋርፍ ቅሪት ከዳርቻው ይታያል። ያ ቅሪት ሎሜ ስለምን ሎሜ እንደሆነች ይናገራል።

የቶጎ የባሕር ዳርቻ አጭር ነው፤ ከጋና ድንበር እስከ ቤኒን ድንበር ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አይዘልም። ያም ቢሆን ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ አሸዋ ነው። መርከብ የሚጠለልበት ሰላጤ የለውም፣ ማዕበል የሚሰብር ደሴት የለውም። ከደቡብ አትላንቲክ የሚነሣው ሞገድ ምንም ሳያግደው ይመጣና ዳርቻው አጠገብ፣ ውኃው ጥልቀት ሲያጣ፣ ተነሥቶ ይሰበራል። ከአይቮሪ ኮስት እስከ ናይጄሪያ ያለው የጊኒ ባሕረ ሰላጤ ጠረፍ አብዛኛው እንዲህ ነው። ስለዚህ ለዘመናት እዚያ ጠረፍ ላይ የባሕር ንግድ የተያዘው በጀልባ ቀዛፊዎች ጉልበትና ብልሃት ነበር።

ጀልባዎቹ ከፊትም ከኋላም ሾጣጣ ናቸው። አሥር፣ አሥራ ሁለት ቀዛፊዎች በግራና በቀኝ ይቀመጣሉ፤ መሪው ከኋላ ቆሞ ረጅም መቅዘፊያ ይዞ አቅጣጫ ያስይዛል። የመሪው ትልቁ ሥራ መጠበቅ ነው። ማዕበል በአንድ ልክ አይመጣም፤ ትልልቆቹ ተከታትለው ይመጡና ለጥቂት ጊዜ ጋብ ይላሉ። መሪው ጀርባውን ለከተማው ሰጥቶ ባሕሩን እያየ ያችን ጋብታ ይጠብቃል። ስትመጣ ይጮኻል፤ አሥራ ሁለት መቅዘፊያ በአንድ ጊዜ ውኃውን ይመታል፤ ጀልባዋ የአንዱን ሞገድ ጀርባ ተከትላ እስከ አሸዋው ትበራለች። ከሳተ ጀልባዋ በጎን ዞራ ትገለበጣለች። የፓልም ዘይት በርሜል ቢወድቅ ተንሳፍፎ ይገኛል፤ ጨርቅ፣ ዱቄትና ባሩድ ግን አንዴ የጨው ውኃ ከገባባቸው አለቀላቸው። ከክሩ፣ ከፋንቲ፣ ከጋ እና ከኤዌ ሕዝቦች የወጡ ቀዛፊዎች በዚህ ሙያ በመላው ጠረፍ የታወቁ ነበሩ። የአውሮፓ የንግድ ቤቶች ያለ እነርሱ አንድ ጆንያ ማውረድ አይችሉም ነበር፤ ቀዛፊዎቹም ይህን ያውቁ ነበር።

እንዲህ ያለው ዳርቻ አስቸጋሪ ቢሆንም ነጻ ነበር። ጀልባና ቀዛፊ ያለው ሰው የትኛውም አሸዋ ላይ ዕቃ ያወርዳል። ሎሜ ራሷ የተወለደችው ከዚህ ነጻነት ነው። በ1880 አካባቢ፣ ዛሬ ጋና የምትባለውን ጎልድ ኮስትን የያዙት እንግሊዞች የጉምሩክ ቁጥጥራቸውን በጠረፉ እየገፉ እስከ አፍላኦ አደረሱት። አረቄ፣ ትምባሆና ባሩድ ላይ የሚከፈለው ቀረጥ ያስመረራቸው የኤዌና የሌሎችም ሕዝቦች ነጋዴዎች ከመጨረሻው የእንግሊዝ ኬላ አንድ እርምጃ ወደ ምሥራቅ ተሻግረው ባዶ አሸዋ ላይ ገበያ ተከሉ። የአውሮፓ የንግድ ቤቶችም ተከተሏቸው። ሎሜ ንጉሥ ወይም ጦር ያቆማት ከተማ አይደለችም፤ ቀረጥ የሸሹ ነጋዴዎች የቆረቆሯት ናት።

ነጻነቷ አልቆየም። ጁላይ 5 ቀን 1884 ጀርመናዊው ጉስታፍ ናኽቲጋል ባጊዳ ላይ፣ ከሎሜ በስተምሥራቅ፣ የንጉሥ ምላፓን ስም የያዘ ውል ተፈራረመና ጠረፉ የጀርመን ነው ተባለ። ያን ጊዜ በዚህ ዳርቻ ትልቋ የንግድ ከተማ ሎሜ አልነበረችም፤ በስተምሥራቅ ያለችው አኔሆ ነበረች። አኔሆ ከባሪያ ንግድ ዘመን ጀምሮ የታወቀች፣ ኋላም በፓልም ዘይት የበለጸገች፣ እንደ ላውሰን ያሉ ነባር የነጋዴ ቤተሰቦች የሚኖሩባት ከተማ ነበረች። ጀርመኖችም ለዓመታት መቀመጫቸውን በዚያው አካባቢ፣ ዜቤ ላይ አድርገው ነበር። ወደ ሎሜ የተዛወሩት በ1897 ነው። ሎሜ ለእንግሊዝ ድንበር ቅርብ ስለሆነች ኮንትሮባንድ የሚፈስባትም፣ ቀረጥ የሚሰበሰብባትም እሷ ነበረች።

ዋርፉ የመጣው ለዚህ ነው። አሠራሩን ቀረብ ብሎ ላየው ያስደንቃል። መርከብ ዋርፉ ሲሠራም ቢሆን ዳርቻውን አይጠጋም፤ ከጥልቁ ባሕር ላይ መልሕቅ ይጥላል። ዕቃው በመርከቡ ክሬን ወደ ጀልባ ይወርዳል፤ ጀልባዋ ወደ ዋርፉ ጫፍ ትመጣለች። እዚያ ውኃው አይሰበርም፤ ግን አያርፍም፤ ጀልባዋን ከነጭነቷ ከፍ ዝቅ ያደርጋታል። ከላይ የዋርፉ ክሬን መንጠቆውን ያወርዳል፤ ከታች ያሉት ጫኝና አውራጆች ሚዛናቸውን እየጠበቁ ዕቃውን መንጠቆው ላይ ያስራሉ። ከዚያ ክሬነኛው ይጠብቃል። ማንሣት ያለበት ጀልባዋ ሞገዱ ጫፍ ላይ ስትደርስ ነው፤ ያን ጊዜ ጀልባዋ ራሷ ወደ ታች ሸሽታ ዕቃውን አየር ላይ ትተውለታለች። ዝቅ ባለችበት ሰዓት ከሳበ ግን ተመልሳ ስትወጣ ዕቃውን ከታች ትመታዋለች፤ ወይ ዕቃው ወይ ሰው ይጎዳል። መንገደኛም የሚነሣው በዚሁ መንገድ ነበር፦ ሰዎች ፊት ለፊት በሚቀመጡበት የእንጨት ሣጥን ውስጥ ገብቶ፣ በክሬን ተንጠልጥሎ። ወለሉ ላይ ሐዲድ ተዘርግቷል፤ ዕቃው በፉርጎ ተጭኖ በቀጥታ ወደ ጉምሩክ መጋዘን ይገፋል።

ልብ በሉ፦ ከፉርጎው ወደ ጉምሩኩ በቀጥታ። በጀልባ ዘመን ከማዕበሉ የወጣ ዕቃ ሰፊ አሸዋ ላይ ነበር የሚያርፈው፤ ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። በዋርፉ ላይ ግን ግራና ቀኙ ባሕር የሆነ ጠባብ መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ የመንገዱ መጨረሻም የቀረጥ ሰብሳቢው ጠረጴዛ ነው። ለዋርፉ አገልግሎትም ለብቻው ይከፈላል። ጀርመኖች በዚህ ሳይወሰኑ የባሕር ንግዱ ሁሉ በሎሜ ብቻ እንዲያልፍ አደረጉ፤ አኔሆን የመሰሉ ዳርቻዎች የባሕር በርነታቸውን አጡ። በጁላይ 1905 ሎሜንና አኔሆን የሚያገናኝ የ44 ኪሎ ሜትር የባቡር መስመር ተከፈተ። እናም የአኔሆ ነጋዴ ከደጁ ያለውን ባሕር ትቶ፣ ፓልም ዘይቱን በባቡር ጭኖ፣ ወደ ሎሜ ዋርፍ መላክ ግድ ሆነበት።

አንድ በር ብቻ መኖር ምን ማለት እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ብዙ ማስረዳት አያሻም። ከ1998 ወዲህ የአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ያልፋል፤ የዚያ በር ዋጋ በየሱቁ ዕቃ ላይ ተደምሮ ይገኛል። በቶጎ የተለየው፣ በሩን ያጠበበው ጦርነት ወይም ድንበር አለመሆኑ ነው። ባሕር ያለው ሕዝብ በገዛ ባሕሩ ላይ አንድ በር ብቻ እንዲኖረው በአስተዳደር ውሳኔ ተደረገ።

ከዋርፉ እግር ሥር ሦስት የባቡር መስመሮች እንደ መዳፍ ጣቶች ተዘረጉ። የአኔሆው በኮኮናት፣ ጃንዋሪ 27 ቀን 1907 የተመረቀው የ119 ኪሎ ሜትር የፓሊሜ መስመር በካካዎ፣ ወደ አታክፓሜ የሄደው ሦስተኛው በጥጥ ስም ይጠሩ ነበር። በስማቸው ውስጥ አንድ ነገር ተጽፏል፤ ከአገሩ ምን መውጣት እንዳለበት እንጂ ሰዎች የት መድረስ እንደሚፈልጉ አይናገሩም። ሦስቱም እርስ በርስ የሚገናኙት ሎሜ ላይ ብቻ ነበር። በመስመሮቹ የፓልም ፍሬና ዘይት፣ ጎማ፣ ካካዎ፣ ጥጥና በቆሎ ይወርዳል፤ ከሐምቡርግ በቮርማን ኩባንያ መርከቦች የመጣ ጨርቅ፣ የብረት ዕቃ፣ ጨውና አረቄ ይወጣል። ከአረቄ የሚሰበሰበው ቀረጥ ለአስተዳደሩ ዋና ገቢ ነበር።

በርሊን ውስጥ ቶጎ «አርአያ ቅኝ ግዛት» ትባል ነበር፤ ወጪዋን በራሷ ገቢ ትሸፍናለችና። የዚያ ገቢ ትልቁ ምንጭ ጉምሩክ፣ የጉምሩኩ አንገት ደግሞ ዋርፉ ነው። ሌላው ምንጭ የሰው ጉልበት ነበር። እያንዳንዱ ለሥራ የደረሰ ወንድ በዓመት 12 ቀን ለመንግሥት እንዲሠራ ወይም በምትኩ ገንዘብ እንዲከፍል ይገደድ ነበር፤ በአለንጋ መገረፍም የተለመደ የቅጣት ዓይነት ነበር። በ1913 የጀርመን የቅኝ ግዛት ጉዳዮች ሹም ቪልሄልም ዞልፍ ሎሜን ሲጎበኝ፣ ኦክታቪያኖ ኦሊምፒዮን የመሰሉ የከተማው ታላላቅ ነጋዴዎች አቤቱታ አቀረቡ፤ ግርፋትና በሰንሰለት ማሰር እንዲቀር፣ ሕዝቡም በአስተዳደሩ ውስጥ ድምፅ እንዲኖረው ጠየቁ። እነዚህ ሰዎች ዋርፉን የሚጠሉ ሰዎች አልነበሩም። በዋርፉ በኩል ያስመጣሉ፣ ይልካሉ፤ ሀብታቸውም ከዚያ ንግድ ጋር የተያያዘ ነው። የጠየቁት በሩ እንዲፈርስ ሳይሆን፣ በሩ ላይ ቃል እንዲኖራቸው ነው። የኦክታቪያኖ የወንድም ልጅ ሲልቫኑስ ኦሊምፒዮ ከዓመታት በኋላ የነጻዪቱ ቶጎ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ።

ባሕሩ ግን ለዋርፉም አልተመለሰም። ሜይ 17 ቀን 1911 የተነሣው ኃይለኛ ማዕበል የድልድዩን አንድ ክፍል ቆርጦ ወሰደው። ጫፉ ባሕር ውስጥ ለብቻው ቀረ፣ እግሩም ከተማው አጠገብ። በ1912 ተጠግኖ እስኪከፈት ድረስ ዕቃው ሁሉ ወደ ቀዛፊዎቹ ተመለሰ፤ የድሮው ሙያ አልጠፋም ነበርና ንግዱ አልቆመም። የቀዛፊዎቹን ብልሃት ኋላ ቀር ልማድ ብሎ ያለፈ ሁሉ ያንን ዓመት ማሰብ አለበት።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ በቶጎ ያሉት ጀርመኖች መቋቋም የቻሉት ሦስት ሳምንት ገደማ ብቻ ነበር። እንግሊዞች ሎሜን በኦገስት 1914 መጀመሪያ ላይ ያለ ውጊያ ያዙ፤ ጀርመኖች በዚያው ወር 26 ቀን እጃቸውን ሰጡ። ከጦርነቱ በኋላ አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች፤ ሎሜ ከነዋርፏ በ1920 ለፈረንሳይ ተላለፈች። የኤዌ ሕዝብም በአዲሱ ድንበር ተከፈለ። ፈረንሳዮች ባንዲራውን እንጂ አሠራሩን አልለወጡም፤ በ1928 በሌላ አዲስ ዋርፍ ሥራውን ቀጠሉ።

በዚህ ዘመን በዋርፉ ዙሪያ ሌላ ኃይል ጎልቶ ወጣ፦ የሎሜ ገበያ ሴቶች። ትልልቆቹ የአውሮፓ ንግድ ቤቶች በጅምላ ያስመጡትን ጨርቅ እነርሱ ተቀብለው በችርቻሮ እስከ አገር ውስጥና እስከ ጎረቤት አገሮች ያደርሱ ነበር። በጃንዋሪ 1933፣ የዓለም ኢኮኖሚ በወደቀበት ሰዓት፣ አስተዳደሩ አዲስ ግብር ሊጥል ሲነሣና የተቃወሙትን መሪዎች ሲያስር፣ ከተማውን ያናወጡት ሴቶቹ ናቸው፤ የታሰሩት ተፈቱ፣ ግብሩም ቀረ። ከነጻነት በኋላ ደግሞ የእነርሱ ወራሾች ከሆላንድ የሚመጣውን ባለቀለም የሰም ጨርቅ ንግድ በእጃቸው አስገብተው፣ መርሴዲስ ቤንዝ እስከ መግዛት ስለበለጸጉ፣ ናና ቤንዝ ተባሉ። የዋርፉን ታሪክ ስለ መሐንዲሶችና ገዥዎች ብቻ አድርጎ የሚጽፍ ሰው ከድልድዩ ወዲያ ያለውን ግማሹን ንግድ አላየም። ናና ቤንዞቹን በኋላ የጎዳቸው በ1994 የሴፋ ፍራንክ ዋጋ በግማሽ መውረዱ ሲሆን፣ ቀጥሎም ከቻይና የመጣ ርካሽ ጨርቅ ነው።

የዋርፍ ዘመን በመላው ጠረፍ ያከተመው በሃያ ዓመት ውስጥ ነው። አቢጃን በ1950 የቭሪዲን ቦይ ቆፍራ መርከብ አስገባች፣ ቴማ በ1962 ተከፈተች፣ ኮቶኑ በ1965 ወደብ አገኘች። የሎሜ ጥልቅ ወደብ በምዕራብ ጀርመን ገንዘብ ተሠርቶ ሥራ የጀመረው በ1968 ነው። ዛሬ 16.6 ሜትር ጥልቀት ያለው፣ ትልልቅ የኮንቴይነር መርከቦች የሚገቡበት ወደብ ነው፤ ወደብ አልባ የሆኑት የቡርኪና ፋሶ፣ የኒጀርና የማሊ ጭነት በከባድ መኪና ከዚያ ይነሣል። አሮጌው ዋርፍ ለዝገት ተተወ።

ስለ አሸዋው ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም። በዚህ ጠረፍ ላይ ሞገዱ ዳርቻውን የሚመታው በሰያፍ ስለሆነ አሸዋን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይገፋል፤ በዓመት ወደ አንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ አሸዋ እንደሚጓዝ ይገመታል። ጀርመኖች በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ በዛሬዋ ናሚቢያ፣ ስቫኮፕሙንድ ላይ በ1903 ያጠናቀቁት የባሕር ግድብ በሦስት ዓመት ውስጥ በአሸዋ ተሞልቶ ከጥቅም ውጭ ሆኗል። የሎሜው ዋርፍ ከዚህ የዳነው በቀጫጭን እግሮች ስለቆመ ነው፤ ሞገዱም አሸዋውም በእግሮቹ መካከል ያልፋሉ። የ1968ቱ ወደብ ግን የድንጋይ ግድብ አለው። ግድቡ አሸዋውን በምዕራብ በኩል ያስቀረዋል፤ ከግድቡ በምሥራቅ ያለው ዳርቻ ደግሞ የተሸረሸረበትን የሚተካለት አጣ። ጋና በ1960ዎቹ አጋማሽ ያጠናቀቀችው የአኮሶምቦ ግድብም የቮልታ ወንዝ ወደ ባሕር ያመጣ የነበረውን ደለል አስቀርቶ ችግሩን አባባሰው።

በዚህ ምክንያት በሎሜ መሀል ከተማ ፊት ለፊት ያለው አሸዋ ሲሰፋ፣ ከወደቡ በስተምሥራቅ ያሉ መንደሮች ቤቶቻቸውን፣ መቃብሮቻቸውንና የኮኮናት ዛፎቻቸውን ለባሕር እያስረከቡ ነው። የቀድሞው የጠረፍ መንገድ በየቦታው ተቆርጦ ወደ ውስጥ እንዲገባ ተደርጓል። ከፎስፌት ማዕድን ጋር ስሟ በሚነሣው በክፔሜ፣ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ፎስፌት የሚጫንበት ረጅም ዋርፍ እስካሁን ባሕሩ ላይ ቆሟል፤ ዙሪያው ያለው ዳርቻ ግን ከሚሸረሸሩት አንዱ ነው። ከዚያ አልፎ በጠረፉ ጫፍ ያለችው አኔሆ ናት። በ1904 ዋርፉ ንግዷን ወሰደባት፤ ከ1968 ወዲህ ደግሞ የወደቡ ግድብ መሬቷን ያስበላባታል። በዳርቻዋ ላይ ከጥቁር ድንጋይ የተሠሩ መከላከያዎች ወደ ባሕሩ ተዘርግተዋል፤ በመካከላቸው ጥቂት አሸዋ ተይዟል፤ ከመጨረሻው ድንጋይ ወዲያ ወደ ቤኒን ድንበር ያለው ዳርቻ ግን መቆረሱን ቀጥሏል።